የካነን 24 ሚሊሜትር ሌንስ፦ ከፈረንሳይ እስከ ፒያሳ በእግር

መጀመሪያ መጠኑን ልንገራችሁ። ውፍረቱ 22.8 ሚሊሜትር ነው። ክብደቱ 125 ግራም። የዘመድ ልጅ ከአሜሪካ ይዞልኝ መጥቶ ካርቶኑን ስከፍት፣ ክዳኑን ብቻ ልከውልኝ ሌንሱ የቀረ መሰለኝ። የፎቶ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጠፍጣፋ ሌንስ ፓንኬክ ይሉታል። እኛ ቤት ግን ስሙ «ብስኩቱ» ነው። ስሙን ያወጣችለት እህቴ ናት።

ሙሉ መጠሪያው ካነን ኢኤፍ-ኤስ 24 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2.8፣ ኤስቲኤም ይባላል። ኤፍ የሚባለው ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ገበያ ላይ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 150 ዶላር ገደማ ነበር። አዲስ ዕቃ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ አሁን ምን አስጻፈህ ብትሉኝ፣ እዚህ አገር ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ካሜራ አሁንም የዱሮው ካነን ነው። 700ዲ፣ 200ዲ፣ 80ዲ። ሰርግና ክርስትና ሲቀረጽበት የከረመ፣ ወይም ተማሪ ከጓደኛው የገዛው። ካሜራው አብሮት የመጣው 18-55 ሌንስ ተገጥሞበት ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። የኔም እንደዚያው ነበር። ከዚያ ያወጣው ይህ ሌንስ ነው።

ፎቶ እንጀራዬ አይደለም። ቢሮ ነው የምውለው። ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፣ ሥራዬ ፒያሳ። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ከመሰለፍ ቁልቁል በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከፈረንሳይ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ፒያሳ። ማታ ስመለስ ብቻ ታክሲ እይዛለሁ። ሌንሱን ያገኘሁት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። ካሜራዬ 200ዲ ነው፣ ባትሪውና ሚሞሪው ገብቶ 453 ግራም ይመዝናል። ብስኩቱ ሲገጠምበት ሁሉም ተደምሮ ስድስት መቶ ግራም አይሞላም። ከምሳ ዕቃዬ ጎን ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በትልቁ ጃኬቴማ ኪስ ውስጥም ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሌንሱ ዙም የለውም። 24 ብሎ 24 ነው። በነዚህ ካሜራዎች ላይ ሲገጠም የሚያየው ስፋት ትልቅ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ሥዕል የሚያደርገው ክፍል) ባለው ካሜራ ላይ 38 ሚሊሜትር ሌንስ ከሚያየው ጋር አንድ ነው። በተግባር ምን ማለት ነው? አንድ የቆመ ሰው ከራሱ እስከ ጫማው እንዲገባ ካስፈለገ ሦስት ሜትር ያህል ርቀህ ትቆማለህ። ፊቱና እጁ ላይ ማተኮር ከፈለግህ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ መጠጋት አለብህ። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቆሞ ሰውን ሰላም ሳይሉ ፎቶ ማንሳት አይቻልም። ነውር ነው። ስለዚህ ይህ ሌንስ ያለው ሰው ማውራት አለበት። የወደድኩትም በዚህ ነው።

ካሜራዬ ቁም ሳጥን ላይ ከመውጣቱ በፊት በረጅም ሌንስ ከመንገድ ማዶ ነበር የማነሳው። አሁን እነዚያን ፎቶዎች ሳያቸው የሰው ጀርባና የታክሲ ጎን ይበዛባቸዋል። የአንዱንም ሰው ስም አላውቅም።

አንዱን ቀን ላጫውታችሁ። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ። ከቤቴ በታች ባለው መታጠፊያ ላይ በቆሎ የሚጠብሱ እናት አሉ። የከሰል ማንደጃ፣ ከጎኑ አንድ ጆንያ እሸት፣ በእጃቸው የተቀደደ ካርቶን ለማራገቢያ። ጢሱ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ከኋላቸው የሱቅ አምፖል በርቷል። ቆምኩና፣

«እማማ፣ አንድ በቆሎ ይስጡኝ። አንድ ፎቶም ላንሳ?» አልኳቸው።

«በቆሎውን ነው ወይስ እኔን?»

«እርስዎን ከነበቆሎው።»

«እንግዲያው ቆይ ልጄ» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሻሻቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። ከዚያ እንደ መታወቂያ ፎቶ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አንድ አነሳሁና አሳየኋቸው፣ ደስ አላቸው። ግን የፈለግሁት ፎቶ እሱ አልነበረም። በቆሎዬን እየጋጥኩ ቆየሁ። ሁለት ተማሪዎች መጡ። እሳቸውም እኔን ረሱኝና ወደ ማንደጃው ጎንበስ ብለው እፍ አሉበት። ፍሙ ቀላ፣ አገጫቸውና ጉንጫቸው ላይ ቀይ ብርሃን ወጣ፣ ጣታቸው እሸቱን ሲያገላብጥ ጥቀርሻው ጥፍራቸው ውስጥ ይታያል። ያኔ ነው ያነሳሁት። ኤፍ 2.8፣ ሻተሩ አንድ ስድሳኛ ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 3200። ፍላሽ የለም።

በሳምንቱ ፎቶ ቤት አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «ጢሱ እንኳ ወጥቷል» አሉኝ። ከዚያ በላይ የሌንስ ግምገማ ከማንም አልሰማሁም።

ስለ ብርሃን ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ብርሃን የራሱ ጠባይ አለው። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ፀሐይዋ ቶሎ ትወጣለች፣ ቶሎ ትጠልቃለች። በጋ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ፊት ላይ ከቅንድብ ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፣ ቆርቆሮው ያንጸባርቃል፣ አስፋልቱ ይነጣል። በዚያ ሰዓት ይህ ሌንስ ብቻ ሳይሆን የትኛውም ሌንስ አያድንም። ጥላ ሥር ግቡ። በረንዳ፣ የሱቅ ደጃፍ፣ የታክሲ ውስጥ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ግን የስድስት ኪሎ ዛፎች በጎን ብርሃን ሲመታቸው፣ ተማሪው በጃኬት፣ ሻይ ሻጯ በእንፋሎቷ መሃል፣ ሁሉም ነገር ይነሳል። ክረምትም ለፎቶ ጥሩ ነው፤ ደመናው ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ እርጥቡ መንገድ የታክሲውን ሰማያዊና ነጭ ያሳያል። ዝናብ ግን ሌንሱ አይችልም፣ ውሃ መከላከያ የለውም። እኔ ፌስታል ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፋም፤ ፌስታሉን በስቼ ሌንሱን ብቻ አወጣለሁ።

ሽሮ ሜዳ ያስተማረኝን ደግሞ አልረሳም። የሀበሻ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው ሁሉ ደጅ ተሰቅሎ አንድ ግድግዳ ነጭ ይሆናል። ካሜራው ነጩን ሲያይ ይደናገጥና ፎቶውን ያጨልማል፣ የሻጯ ፊት ይጠፋል። ፊቷን ልብራ ስትል ደግሞ ጥለቱ ይነጣል፣ ሐረጉ አይታይም። መጀመሪያ ሌንሱን ነበር የወቀስኩት። ችግሩ የብርሃን መለኪያው ነው። አሁን የምለካው ከፊቷ ነው፣ ፊቷንም ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ አድርጌ ነው የማነሳው። ያን ጊዜ ነጩ ከኋላ ሳይሆን ከጎን ይመጣና ራሱ እንደ መብራት ያበራላታል። ከትልቅ ነጭ ጨርቅ ተንጸባርቆ የሚመጣ ብርሃን ለጠይም ፊት ምን እንደሚያደርግ ያላያችሁ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ሂዱ።

ሌላው የሚገርመኝ ነገር፣ ይህ ሌንስ እስከ 16 ሳንቲሜትር ድረስ ቀርቦ ፎከስ ያደርጋል። ያ ርቀት የሚለካው ከሌንሱ አፍ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ካለው ሴንሰር ስለሆነ፣ ከሌንሱ ፊት የአንድ ስንዝር ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚቀረው። የማኪያቶ ብርጭቆ ላይ ወተቱና ቡናው የሚለያዩበትን መስመር ታያላችሁ። አራት ኪሎ አንድ ሊስትሮ ልጅ ደንበኛዬ ነው። ጫማዬን እየጠረገ ሳለ ጎንበስ ብዬ የቀለሙን ቆርቆሮ አነሳሁ። ጥቁሩ ቀለም መሃሉ ተበልቶ ጠርዙ ብቻ ቀርቷል፤ በጨርቁ የተጠቀለለው ጣቱ የሚያልፍበት ቦታ እንደ ተቆፈረ ጉድጓድ ሆኗል። «ይሄ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። «ስንት ጫማ እንደጠረግህ ያሳያል» አልኩት። ሳቀና ቀሪውን ቀለም ደግሞ ከሳጥኑ አውጥቶ ደረደረልኝ፤ ቡኒ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀለም የሌለው። የመጨረሻው ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የማላነሳውም አለ። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በኛ ሰፈር በኩል ያልፋሉ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ተሸክመው ሳሉ ካሜራ አላነሳም፣ እምቢ ለማለት ቀና ማለት እንኳ አይችሉምና። ግንቡ ላይ ሸክማቸውን አስደግፈው ሲያርፉ ነው ሰላም የምላቸው። ፈቃዳቸው ከሆነ ያኔ። ብዙ ጊዜ «ተወው ዛሬ» ይሉኛል፣ እተወዋለሁ። ይህን የምጽፈው ትንሽ ካሜራ ስለያዝን ሁሉ ነገር የተፈቀደልን የሚመስለን ሰዎች ስላለን ነው። ሰው ሌንሱን ሲያይ ብዙም አይደነግጥም፣ እውነት ነው። ይሄ ግን ተደብቆ ለማንሳት መጠቀሚያ መሆን የለበትም።

ጥበቃዎችን በተመለከተም ትንሽነቱ አያድናችሁም። አንድ ጊዜ የአጥር አበባ ሳነሳ ከኋላው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበረ። ጥበቃው ጠርቶኝ የጠዋቱን ፎቶ ሁሉ አስጠፋኝ፤ አበባውንም፣ ከዚያ በፊት ያነሳኋቸውን ልጆችም። በጣም ነው የተሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ከአጥሩ ጀርባ ምን እንዳለ ሳላይ አላነሳም፣ ከተጠራጠርኩም ቀድሜ እጠይቃለሁ።

ጉድለቶቹን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ንዝረት መከላከያ የለውም። ስለዚህ ሲመሽ እጅ መርጋት አለበት። እኔ ግድግዳ ወይም የመብራት ምሰሶ እደገፋለሁ። ኤፍ 2.8 ላይ ጥጋጥጉ ይጨልማል፤ ኤፍ 4 ላይ በአብዛኛው ይጠራል። ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው የፎከስ ሞተሩ ድምፅ ጸጥ ባለ ክፍል በካሜራው ማይክ ይሰማል። በእጅ ፎከስ ማድረጊያው ቀለበት ቀጭን ነው፣ ካሜራው ካልበራም ቢያዞሩት አይሠራም፤ ቀለበቱ ሞተሩን ነው የሚያዘው። የፀሐይ መከላከያው ለብቻው ይሸጣል። ለሙሉ ሴንሰር ካሜራ፣ ለ5ዲና ለ6ዲ ማለት ነው፣ አይገጥምም፤ እነዚያ ያሏችሁ ሰዎች በስህተት እንዳትገዙ። አዲሶቹ አር የሚባሉት ካሜራዎች ላይ በማገናኛ ይሠራል፣ ሙሉ ሴንሰር ባላቸው ላይ ግን ሥዕሉ ይቆረጣል።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ስፋቱ ነው። ደጅ ላይ ምቹ ነው። ቤት ውስጥ ግን ጠባብ ነው። አክስቴ ቤት ቡና ሲፈላ፣ ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ቄጤማው፣ ዙሪያውን የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ በአንድ ፎቶ እንዲገቡልኝ ብዬ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ አፈገፈግሁ፤ አልገቡም። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር መርጬ ነው የማነሳው። የአክስቴ እጅ ሲቀዳ። ወይም የስኒዎቹ ረድፍ። ጠቅላላውን ለማየት የሚፈልግ ሰው ሰፋ ያለ ሌንስ ይግዛ።

ስልክ አይበቃም ወይ ለሚለኝ ሰው፣ ለብዙ ነገር ይበቃል። የአዲስ አበባው ግርማ በርታ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስ ኢንስታግራም ሽልማትን ያገኘው በስልክ ባነሳቸው የመንገድ ሰዎች ፎቶ ነው። ስለዚህ ስልክ ይዞ ፎቶ አይወጣም የሚል ክርክር የለኝም። የኔ ምክንያት ሌላ ነው። ስልኬን ሳወጣ መልእክት አያለሁ፣ ቴሌግራም እከፍታለሁ፣ የያዝኩትን ሐሳብ እረሳለሁ። ካሜራው ሌላ ሥራ የለውም። ሰዎችም ካሜራ ሲያዩ «ለምንድነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ስልክ ሲያዩ ግን አይጠይቁም፣ ከጥያቄው ነው ወሬው የሚጀምረው። ማታ ላይ ደግሞ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ የበቆሎዋን ጢስ ስልኬ ጭቃ አድርጎታል።

ስለ ፒያሳ ሳልናገር አልጨርስም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሰፈሩ መፍረስ ሲጀምር እኔ ይህን ሌንስ ይዤ በዚያ በኩል በየቀኑ ሳልፍ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ምንም ያሰብኩት ነገር ኖሮ አይደለም፣ መንገዴ ስለሆነ ብቻ ነው ያነሳሁት። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንድ ሰማያዊ በር ነበረ። ቀለሙ መያዣው አካባቢ ብቻ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል፣ የስንት ዓመት እጅ እንደነካው አላውቅም። ደፍ ላይ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ብይ ሲቆጥሩ አነሳኋቸው። አሁን በሩም ደፉም የለም። ባለፈው ዓመት የዚያ ግቢ ነዋሪ የነበረች ሴት በሰው በሰው ፎቶው እንዳለኝ ሰምታ ላክልኝ አለችኝ። የተዛወሩት ከተማ ዳር ነው። በቴሌግራም ስልክላት የጻፈችልኝ «የግራው ልጄ ነው፣ በሩን እኮ አባቴ ነው የቀባው» የሚል ነው። እኔ የበሩን ቀለም ብቻ ነበር የማውቀው።

የዚህ ከተማ የቆዩ ፎቶዎች ብዙዎቹ የቤተ መንግሥትና የታላላቅ ሰዎች ናቸው። አርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን፣ ልጁ ቶኒ ደግሞ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፣ ውድ ቅርስ ነው የተዉልን። የጓሮ በርን፣ የቀለም ቆርቆሮን፣ የበቆሎ ማንደጃን ግን ማንም ተልኮ አያነሳም። የሚያነሳው በዚያ የሚያልፍ ሰው ነው። ለሚያልፍ ሰው ደግሞ ከባድ ካሜራ አይሆነውም። ስድስት መቶ ግራም ስለሆነ ነው በየቀኑ ይዤው የወጣሁት፣ በየቀኑ ይዤው ስለወጣሁ ነው በሩ የተገኘው።

ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ከኔ ስህተት ተማሩ። ይህን ከማግኘቴ በፊት ያገለገለ ሌላ ገዝቼ ነበር፣ ከአንድ ሱቅ። ሱቅ ውስጥ ሳየው ጥርት ያለ ነው። ቤት ወስጄ የስልክ መብራት ከኋላው ሳበራበት ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለ። ልመልስ ብዬ ብሄድ «ስትወስደው ደህና ነበር» ተባልኩ። ገንዘቤም ቀረ። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ በሁለቱም በኩል በመብራት እዩት፣ እዚያው ካሜራ ላይ ግጠሙት፣ በቅርብም በሩቅም ፎከስ ሲያደርግ ስሙት፣ ኤፍ 2.8 እና ኤፍ 8 ላይ አንድ አንድ ፎቶ አንሱበት፣ 52 ሚሊሜትር የሆነው የፊት ክዳን የሚገጠምበት የሌንሱ ጥርስ አለመጣመሙን በጣታችሁ ዳብሱ። ክረምት ላይ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። እኔ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስቤ አብሬ እከታለሁ።

ዋጋው ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተንሳፈፈ ወዲህ ወዲያና ወዲህ ስለሚል ቁጥር አልጠራም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እሱ ይሻላል፤ ትንሽ ስለሆነ «ሻንጣዬ ሞልቷል» አይልም። ካነኑ ቁም ሳጥን ላይ ላለ ሰው፣ ሌላ ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ይህን ይሞክር ባይ ነኝ። ካሜራ የሌለው ሰው ግን ለዚህ ሌንስ ብሎ ካሜራ አይግዛ፣ ስልኩን ይዞ ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ይውጣ። እኔ በዚያ ሰዓት ስድስት ኪሎ አካባቢ ነኝ፣ የሻይዋ እንፋሎት ጋ።